ለኢንቨስተር ፒች ማድረግ፦ ሐዋሳ ላይ ኩባንያ ከጀመሩ ሰዎች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሐዋሳ ላይ ሥራ ጀምረው የሌላ ሰው ገንዘብ ወደ ኩባንያቸው ለማስገባት ለተነሡ መሥራቾች ነው። ፒች ማለት ሥራችሁን ለኢንቨስተር በአጭሩ አቅርባችሁ ገንዘብ የምትጠይቁበት ንግግር ነው። በየመልሱ አንድ ምሳሌ ይመላለሳል፦ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ገዝቶ፣ ፊሌቶ (አጥንትና ቆዳ የሌለው ሥጋ) አውጥቶ፣ በበረዶ አሽጎ ለሆቴሎች የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት። የብር ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ከገበያው ውሰዱ።

ፒች ባደረግንበት ቀን ገንዘብ እናገኛለን?

አይገኝም። የሽልማት ውድድር ካልሆነ በቀር 5 ደቂቃ ሰምቶ እዚያው ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አትጠብቁ። ኢንቨስተሩ በዚያች 5 ደቂቃ የሚወስነው ለእናንተ ሌላ አንድ ሰዓት መስጠት አለመስጠቱን ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ስብሰባ፣ የሰነድ ምርመራ፣ ደንበኞቻችሁን ደውሎ መጠየቅ፣ የውል ድርድር ይከተላል። ሁሉም ቢሳካ እንኳ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ። የሁለት ወር ደመወዝ ብቻ ሲቀር ፒች የሚጀምር ድርጅት ድርድሩን የሚገባው አንገቱ ተይዞ ነው፤ ኢንቨስተሩም ይህን ከባንክ መግለጫው ላይ ያየዋል። ቢያንስ የስምንት ወር ወጪ በእጃችሁ እያለ ጀምሩ።

ስትዘጋጁ አድማጩ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስቡ። ለማን ምን እንደምትሸጡ፣ እስካሁን በተግባር ምን እንደታየ፣ ስንት ብር ለምን እንደምትፈልጉ፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ማታ ቤቱ «እነዚያ ልጆች ምንድን ነው የሚሠሩት?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከቻለ ፒቹ ሠርቷል።

በምን ልጀምር? የመጀመሪያዋ ግማሽ ደቂቃ በጣም ታስጨንቀኛለች።

ብዙ ፒች እንዲህ ይጀምራል፦ «ክቡራንና ክቡራት፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን በራሴና በባልደረቦቼ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደሚታወቀው ዓለማችን በአሁኑ ጊዜ በቴክኖሎጂ...»። ሰዓት ይዛችሁ ለኩት፤ 40 ሴኮንድ ገደማ ይበላል፣ ስለ ሥራው ግን አንዲት ቃል የለበትም። አክብሮት ለማሳየት «እንደምን አደራችሁ፤ ስሜ እገሌ ይባላል» በቂ ነው። ቀጥሎ ወደ ነገሩ ግቡ።

የዓሣው ድርጅት እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦ «ሐዋሳ ያለ ሆቴል ዓሣ ሲፈልግ ጠዋት በ1 ሰዓት ሰው ወደ አሞራ ገደል ይልካል። የተላከው ሰው እዚያ እስኪደርስ ስንት ኪሎ እንደሚያገኝና በስንት እንደሚገዛ አያውቅም። እኛ ማታ ትእዛዝ እንቀበላለን፤ በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት የታጠበ ፊሌቶ በተቆረጠ ዋጋ ኩሽናው በር ላይ እናደርሳለን። ዛሬ 14 ሆቴሎች በየሳምንቱ ይገዙናል። ከእነሱም 11ዱ ከስድስት ወር በላይ ቆይተዋል።»

ይህን በ30 ሴኮንድ ገደማ መናገር ይቻላል። ችግሩ የማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሚደርስ ይታያል። የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ደንበኛ መጥቶ መግዛቱ ጥሩ ነው፣ ተመልሶ መግዛቱ ግን ሥራው ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ስንት ስላይድ? ስንት ደቂቃ?

አሜሪካዊው ኢንቨስተር ጋይ ካዋሳኪ ያስተዋወቀው የ10፣ 20፣ 30 ደንብ ዛሬም መነሻ ይሆናል፦ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ ከ30 ነጥብ ያላነሰ የፊደል መጠን። ሙሉ ስብሰባ ከተሰጣችሁ በዚህ ሂዱ። የተለመደው ቅደም ተከተል የኩባንያው ስምና በአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራው፣ ችግሩ፣ መፍትሔው፣ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ፣ እስካሁን የታየው ውጤት፣ ገበያው፣ ተወዳዳሪዎች፣ ቡድኑ፣ የገንዘብ ትንበያው፣ በመጨረሻም የምትጠይቁት ገንዘብ ነው። ሽያጭ ካላችሁ ግን ውጤቱን ወደ ሦስተኛ ቦታ አምጡት። ጥሩ ቁጥር እያላችሁ እስከ አምስተኛው ስላይድ ማቆየት ዋጋ ያስከፍላል፤ አድማጩ እስከዚያ ድረስ ስልኩን አውጥቷል።

የመድረክ ፒች ብዙውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ለዚያ ከአምስት ወይም ከስድስት ስላይድ አትለፉ። ጊዜውን ስትከፋፍሉ ለችግሩ 30 ሴኮንድ፣ ለመፍትሔው 30፣ ለውጤትና ለገንዘብ አሠራሩ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ለገበያው፣ ለቡድኑና ለጥያቄያችሁ 15፣ 15 ሴኮንድ ስጡ። በአማርኛ ሳይጣደፉ ለመናገር 300 ቃል ያህል ይበቃል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ያልፋል። ጮክ ብላችሁ፣ ቆማችሁ፣ በስልክ ሰዓት እየለካችሁ ቢያንስ 15 ጊዜ ተለማመዱ። 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ላይ ጨርሱ፤ አዳራሽ ውስጥ ማይክ መቀባበሉና ስላይድ መክፈቱ የቀረውን ይወስደዋል።

ሌላም አለ። የምትናገሩበትና በኢሜይል የምትልኩት ሰነድ አንድ አይሁን። የመጀመሪያው ፎቶና ትልልቅ ቁጥር ነው፣ እናንተ ከጎኑ ቆማችሁ ትናገራላችሁ። የሚላከው ግን እናንተ በሌላችሁበት ስለሚነበብ ማብራሪያው በላዩ ላይ ይጻፍ።

በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?

አድማጩ በሚያስብበት ቋንቋ። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር የሚደረግ ስብሰባ በአማርኛ ይሁን፤ ከኢንቨስተሩ ጋር በሲዳማኛ ወይም በኦሮምኛ የምትግባቡ ከሆነም አትፍሩት። የውጭ ፈንድ ከሆነ እንግሊዝኛ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ ተንተባትቦ ግማሽ መልስ ከመስጠት፣ ፈቃድ ጠይቆ በአማርኛ ሙሉውን መልሶ ባልደረባ እንዲተረጉም ማድረግ ይሻላል።

ከቋንቋው ይልቅ የሚያሳስተው የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። «2017» ተብሎ የተሠራ ሠንጠረዥ ለውጭ ሰው የስምንት ዓመት አሮጌ መረጃ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን በግርጌ ጻፉ፣ የፈረንጁንም ዓመት ጎኑ አስቀምጡ። በቪዲዮ ለሚደረግ ስብሰባ «በ3 ሰዓት» ብሎ መስማማትም አደጋ አለው፤ እሱ ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ብላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉለት።

ስላይዱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነ። ምን እናድርግ?

የግዕዝ ፊደሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ከሳጥን ይልቅ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን በዩኒኮድ ጻፉ፣ ፊደሉ አብሮ እንዲታሸግ አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ፒዲኤፉን በፍላሽም፣ በስልክም፣ በኢሜይልም ያዙ።

ከዚህ ሌላ የራሳችሁን የኤችዲኤምአይ ገመድና መቀየሪያውን ያዙ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የላቸውም። አፕ የምታሳዩ ከሆነ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አትመኩ፣ ስክሪኑን ቀድማችሁ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅዱት። መብራት ቢጠፋ እንዲሆናችሁ አምስት የታተመ ቅጂ ይኑራችሁ። የዓሣው ድርጅት ከስላይድ የሚበልጥ ነገር ማሳየት ይችላል፦ የታሸገ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ፣ ላዩ ላይ ዓሣው የወጣበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት። ኢንቨስተሩ በእጁ ይዞ ወረቀቱን ሲያነብ ስለ ጥራት ቁጥጥር ሦስት ስላይድ ይቀንስላችኋል።

ኢንቨስተሮች «ዩኒት ኢኮኖሚክስ» ሲሉ ምን ፈልገው ነው?

አንድ ነገር ስትሸጡ ስንት ይተርፋችኋል ማለታቸው ነው። ብዙ ፒች የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

አንድ ኪሎ የቆሮሶ ፊሌቶ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ገደማ ሙሉ ዓሣ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና የሆድ ዕቃው ሲወገድ የሚቀረው ሲሶው ነው። ሙሉው ዓሣ በኪሎ 150 ብር ቢገዛ የፊሌቶው ጥሬ ዋጋ 450 ብር ሆነ። ለሚያወጣውና ለሚያጥበው ሠራተኛ 40 ብር፣ ለበረዶ፣ ለማሸጊያና ለማድረሻ 50 ብር ጨምሩ፤ 540 ብር። ከመቶው ኪሎ 5ቱ ተበላሽቶ ወይም ሆቴሉ መልሶት ከቀረ 95ቱ የ100ውን ወጪ መሸከም አለበት። 540ን ለ0.95 ስናካፍል 568 ብር ይመጣል። ሆቴሉ በ650 ብር ከገዛ ከአንድ ኪሎ የሚተርፈው 82 ብር፣ ከሽያጩ 12.6 በመቶ ነው። የቢሮ ኪራይና የማኔጀር ደመወዝ ገና አልተነሣም። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች በወር 180,000 ብር ቢሆኑ፣ ለ82 ሲካፈሉ በወር 2,200 ኪሎ ገደማ እስኪሸጥ ድረስ ድርጅቱ በኪሳራ ይሠራል።

ጎበዝ ኢንቨስተር ቀጥሎ የሚጠይቀው «የዓሣው ዋጋ በ10 በመቶ ቢወጣስ?» ብሎ ነው። 150 ወደ 165 ብር ሲሄድ የፊሌቶው ወጪ 616 ብር ይደርሳል፣ 82 ብር የነበረው ትርፍም ወደ 34 ብር ይወርዳል። ሐይቁ ላይ የዓሣ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ከዚህ በላይ ሊዋዥቅ ይችላል። ይህን ቀድማችሁ ካሰላችሁና ለሆቴሎቹ ዋጋውን በየስንት ጊዜው እንደምትከልሱ በውላችሁ ላይ ካሰፈራችሁ፣ ጥያቄው ሲመጣ መልሱ በእጃችሁ ነው። ካላሰላችሁት ኢንቨስተሩ እዚያው ስልኩ ላይ ያሰላዋል።

አሁን ደግሞ ዱቤ። ዓሣ አጥማጁ የሚፈልገው በእጅ በእጅ ነው። ሆቴሉ የሚከፍለው በ30 ቀን ነው። በቀን 100 ኪሎ የሚሸጥ ከሆነ በወር 3,000 ኪሎ፣ በ568 ሲባዛ 1,704,000 ብር። ይህ ገንዘብ ሁልጊዜ ደንበኞች ዘንድ የተቀመጠ ነው፤ የወሩ ትርፍ ግን 246,000 ብር ብቻ ነው፣ እሱም ቋሚ ወጪው ሳይነሣ። ብዙ የሚያድግ የሚመስል ድርጅት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው፦ ሽያጩ በጨመረ ቁጥር ለዱቤ የሚያስፈልገው ብር አብሮ ይጨምራል፣ አንድ ቀን ጠዋት ለዓሣ አጥማጁ የሚከፈል ይጠፋል። ፒቹ ላይ ስንት ቀን ዱቤ እንደምትሰጡ፣ በሰዓቱ የማይከፍለው ደንበኛ ስንት በመቶ እንደሆነና ጊዜውን ወደ 10 ቀን ለማሳጠር ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን ያነሣ መሥራች ሥራውን ከውስጥ እንደሚያውቀው ወዲያው ይታያል።

የሽያጭ ግራፋችን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በጣም ወጥቷል። እሱን ማሳየት ጥሩ አይደለም?

ምን እንደምትሸጡ ይወስነዋል። ዓሣ ከሆነ ያ ወቅት ዓቢይ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በ55ቱ ቀናት ሥጋ የሚተው ብዙ ሰው ወደ ዓሣ ስለሚዞር ፍላጎቱ ይወጣል። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ይወርዳል። ኢንቨስተሩም አገሩ ነውና ያውቀዋል። ግራፉን ዕድገት ብላችሁ ካቀረባችሁት የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

የዘንድሮውን ጾም ካለፈው ዓመት ጾም ጋር አነጻጽሩ። የ12 ወር ግራፍ ከሌላችሁ ያላችሁን አሳዩ፤ ጾሙን በቀለም ለዩትና «ይህ ወቅታዊ ነው፣ ከፋሲካ በኋላም የቀሩልን ደንበኞች እነዚህ ናቸው» በሉ። ለሠርግ አዳራሽ ለሚሠራ ጥር፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም መስከረም እንዲሁ ነው።

ገበያችን ትልቅ መሆኑን እንዴት እናሳይ?

«የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፤ 1 በመቶውን ብናገኝ...» የሚለውን ተዉት። ያ 1 በመቶ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ምንም አይናገርም። ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። ከሐይቁ ዳር እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም እስከ ታቦር ድረስ ያሉትን ዓሣ የሚሸጡ ሆቴሎችና ሬስቶራንቶች በእግራችሁ ዙሩና መዝግቡ። በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚገዙ፣ ከማን እንደሚገዙ፣ በስንት እንደሚገዙ ጠይቁ። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የደንበኛ ቁጥር በሳምንታዊው ኪሎ፣ በዋጋው፣ በ52 ሳምንት ሲባዛ የሐዋሳ ገበያ ይወጣል። ከዚያ ሻሸመኔን፣ ከዚያ አዲስ አበባን ጨምሩ። ከራሳችሁ መዝገብ የወጣ 40 ሚሊዮን ብር ከሪፖርት ከተቀዳ 4 ቢሊዮን ይበልጣል።

ሐዋሳ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ገበያ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀ ጀምሮ ለሠራተኞቹ ምግብ፣ ትራንስፖርትና ቤት ኪራይ የሚያቀርቡ ሐሳቦች ደጋግመው ይመጣሉ። ሐሳቦቹ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል። ገቢያችሁ በፓርኩ ላይ የቆመ ከሆነ «ትእዛዝ ቢቀንስና ሠራተኛ ቢሰናበት ምን ትሆናላችሁ?» መባላችሁ አይቀርም። ከፓርኩ ውጪ ያላችሁን ደንበኛ ድርሻ በመቶኛ ይዛችሁ ግቡ።

«ተወዳዳሪ የለንም» ብንል ችግር አለው?

አለው። ወይ ገበያውን አላያችሁትም ወይ ገበያ የለም ተብሎ ይተረጎማል። የዓሣው ድርጅት ትልቁ ተወዳዳሪ ሌላ ስታርታፕ አይደለም፤ ሆቴሉ ለዓመታት የሚያውቀው፣ በባጃጅ ዓሣ የሚያመላልሰውና ሲቸገር ዱቤ የሚሰጠው ሰው ነው። እሱን በስላይዱ ላይ አስቀምጡት። በምን እንደሚበልጣችሁም ጻፉ፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ትውውቅ አለው። እናንተ ደግሞ በረዶ፣ ደረሰኝና ቋሚ ዋጋ አላችሁ። የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሆቴል ለምን እንደሚመርጣችሁ ያኔ ግልጽ ይሆናል።

ስንት ብር እንጠይቅ? ስንት ድርሻ እንስጥ?

ገንዘቡ የት ሊያደርሳችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ። የተለመደው ከ12 እስከ 18 ወር የሚያቆይና ግልጽ የሆነ ደረጃ ላይ የሚያደርስ መጠን ነው፤ ለምሳሌ «በ15 ወር ከ14 ሆቴል ወደ 60፣ በወር 5,000 ኪሎ»። ከዚያ ወጪውን በዝርዝር ደምሩ፦ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ሁለተኛ መኪና፣ ሦስት ሠራተኛ፣ ለዱቤ የሚሆን መንቀሳቀሻ። «ለማርኬቲንግ 40 በመቶ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ካለ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሬ ተመንና ቀኑን ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን የአምና ፕሮፎርማ ዛሬ አይሠራም።

የድርሻው ስሌት ብዙ ሰው ያደናግራል። 3 ሚሊዮን ብር ለ15 በመቶ ጠየቃችሁ እንበል። 3 ሚሊዮን ለ0.15 ሲካፈል 20 ሚሊዮን ነው፤ ይህ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ያለው የኩባንያው ዋጋ ነው። ከመግባቱ በፊት 17 ሚሊዮን ነበር ማለት ነው። «ኩባንያችን ዛሬ 20 ሚሊዮን ያወጣል፣ 3 ሚሊዮን ለ15 በመቶ እንፈልጋለን» ካላችሁ ሁለቱ አይገጥሙም። ዛሬ 20 ሚሊዮን ከሆነ ከገንዘቡ በኋላ 23 ሚሊዮን ይሆናል፣ የኢንቨስተሩ ድርሻም 13 በመቶ ነው። ይህ ስሕተት መድረክ ላይ ሲወጣ ቀሪውን ጊዜ ሁሉ እሱ ይበላዋል።

ከዚህ በፊት ግን የሚሸጥ ድርሻ መኖሩን አረጋግጡ። የንግድ ፈቃዱ በግለሰብ ነጋዴ ስም ከሆነ ድርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ንግዱና ሰውየው በሕግ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ያስፈልጋል። በ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውንም ማቋቋም ይችላል። ኢንቨስተር ሲገባ ግን አባላት ሁለትና ከዚያ በላይ ስለሚሆኑ የመመሥረቻ ጽሑፉ ይሻሻላል። የመሥራቾች ድርሻ በመካከላችሁ በቃል ብቻ ተከፋፍሎ ከሆነ ከፒቹ በፊት በጽሑፍ አድርጉት። «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ችግር የለም» የሚለው መልስ ኢንቨስተርን ያስፈራል።

የውጭ ኢንቨስተር 30,000 ዶላር ላግባ ቢለንስ?

ደስ ከማለታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ማስገባት ያለበት ዝቅተኛ ካፒታል በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ከሆነ 150,000 ዶላር። ለአንዳንድ የሙያ አገልግሎቶች ዝቅ ያለ መጠን ተቀምጧል። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን የመረጠ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህ ገደብ አይመለከተውም። ገንዘቡም በባንክ በውጭ ምንዛሬ ገብቶ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ኢንቨስተሩ ነገ ትርፉን ወደ ውጭ ማውጣት ይቸገራል።

የውጭ ፈንዶች «ሴፍ» የሚባል ውል ሊያነሡ ይችላሉ። አዳዲስ ኩባንያዎችን የሚደግፈው የአሜሪካው ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ዛሬ ገንዘብ ተሰጥቶ ወደፊት አክሲዮን የሚገኝበት ውል ነው። የተጻፈው ግን ለአሜሪካ ሕግ ስለሆነ እንዳለ ተርጉማችሁ አትፈርሙ፤ የኩባንያ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው። ሕጎችም ስለሚሻሻሉ በምትፈርሙበት ወር ያለውን አረጋግጡ።

የአገር ውስጥ ባለሀብት 51 በመቶ ካልሆነ አልገባም አለ።

ሕንጻና ንግድ የለመደ ሰው ገንዘቡ ያለበትን መቆጣጠር ይፈልጋል፤ ክፋት አይደለም። ግን መሥራቹ በመጀመሪያው ዙር አብላጫውን ከሰጠ ቀጣይ ኢንቨስተር ሲመጣ የቀረው ድርሻ ያንሳል፣ ሥራውን የሚገፋው ሰውም እንደ ቅጥረኛ ይሆናል። ይህን በጨዋነት አስረዱትና የሚፈራውን ነገር ለይታችሁ መልሱለት። ብዙ ጊዜ የሚፈራው ገንዘቡ እንዳይባክን ነው። የባንክ ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ እንዲንቀሳቀስ፣ ከተወሰነ ብር በላይ ወጪ እሱ ሳይፈቅድ እንዳይወጣ፣ በየወሩ የሒሳብ ሪፖርት እንዲደርሰው፣ ገንዘቡ በሁለት ወይም በሦስት ዙር እንዲለቀቅ ማድረግ ይቻላል። እነዚህን ይዛችሁ ስትቀርቡ 51 ያለው ሰው 25 ላይ ሊስማማ ይችላል። በፍጹም ካልተስማማ ግን ገንዘቡን መተው ይሻላል ብለን በግልጽ እንመክራለን።

ሐሳባችን እንዳይሰረቅ የምሥጢር ውል እናስፈርም?

ለመጀመሪያ ፒች አታስፈርሙ፤ አብዛኞቹ ኢንቨስተሮች አይፈርሙም። የደንበኛ ስም ዝርዝርና የአቅራቢ ውል ግን በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። እሱ በሰነድ ምርመራው ጊዜ፣ ተፈርሞ ነው።

መልሱን የማናውቀው ጥያቄ ቢመጣስ?

«ያንን ቁጥር አሁን አልያዝኩትም፤ እስከ ዓርብ በኢሜይል እልክልዎታለሁ» በሉ፣ ዓርብ ሳይደርስም ላኩ። የገመቱትን እንደ እርግጥ መናገር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በሰነድ ምርመራ ጊዜ ይገኛል። ግምት ከሆነ ግምት መሆኑን ተናግራችሁ ከምን ተነሥታችሁ እንደገመታችሁ አስረዱ። ሒሳቡን የሚመልስ፣ ሥራውን የሚመልስና ቴክኖሎጂውን የሚመልስ ከወዲሁ ተለዩ። አንዱ ሲመልስ ሌላው አይንጠቀው፤ ሁለት መሥራች መድረክ ላይ የተለያየ ቁጥር ሲናገር ታዳሚው ወዲያው ይሰማዋል።

ሐዋሳ መሆናችን ይጎዳናል?

ኢንቨስተሮቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ለምን አዲስ አበባ አትገቡም?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ከሥራው ይውጣ፦ ዓሣው እዚህ ነው፣ የሲዳማ ቡናና አቮካዶ እዚህ ነው፣ ኪራይና ደመወዝ ይቀንሳል፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ተመራቂ ያወጣል። በተቻለ መጠን ሁለተኛውን ስብሰባ ሐዋሳ ላይ አድርጉት። ኢንቨስተሩን ጠዋት በ1 ሰዓት አሞራ ገደል ውሰዱት፤ ጀልባው ሲገባ፣ ዓሣው ሲመዘን፣ የእናንተ ሰው በበረዶ ሳጥን ሲጭን ይየው። ከዚያ አንድ ደንበኛ ሆቴል ኩሽና ግቡና ሼፉን ራሱ ይጠይቀው፤ እናንተ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ፣ እንነጋገራለን» ብለውን ሄዱ። ምን ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይሆንም ማለት ነው። በእኛ አገር ፊት ለፊት እንቢ ማለት ስለሚከብድ ምርቃት ይቀድማል። እውነተኛ ፍላጎት የሚታወቀው በሚጠይቁት ነገር ነው፦ የባንክ መግለጫ ላኩልን፣ የደንበኛ ስልክ ስጡን፣ ማክሰኞ እንገናኝ። ከእነዚህ አንዱም ካልመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ምስጋና በአንድ መስመር፣ የተጠየቃችሁትና ያልመለሳችሁት ቁጥር፣ የሚላከው ሰነድ በፒዲኤፍ፣ ለቀጣይ ስብሰባ ሁለት አማራጭ ቀን። በሳምንቱ አንድ ጊዜ ደውሉና «ምን ብናሳይዎት ነው ሐሳብዎ የሚለወጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁን ቃል በቃል ጻፉት።

ከዚያ በኋላ አትጨቅጭቁ። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ላኩ፤ የወሩ ኪሎና ሽያጭ፣ አዲስ የገቡና የወጡ ደንበኞች፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃ፣ ከሁሉ የከበደው ችግር። ቁጥሩ የወረደበትንም ወር ላኩ፤ ለምን እንደወረደ በአንድ መስመር አስረዱ።